በመሃል የተቀባው ቅባት

አንድ ቀን ልጄ ሚልካ፣ «እማ፣ ሁለት ነገር ከተነካካ በመሃሉ ደግሞ ቅባት ምን ይሠራል?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን አላውቅም ነበር። ስለማላውቅም፣ «ወንድምሽ ቀቢው ብሏል፣ ቀቢው» ብዬ ከመደርደሪያው ላይ ቫዝሊኑን አንሥቼ ሰጠኋት። የጥያቄዋ ትልቅነት የገባኝ ዘግይቶ ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ እንደኔ ያለ ሰው ካለ ይጠቅመው ይሆናል።

ሁለት ልጆች አሉኝ። ኢዮስያስ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ሚልካ አሥራ አምስት። ሁለቱም ጌም ይወዳሉ። የሰፈሩ ጌም ቤት ቆሞ ተራ ከመጠበቅ ብለው የራሳቸውን ኮምፒውተር ሊሠሩ ተስማሙ። ተገጣጥሞ የሚሸጠውን አይደለም፤ ዕቃውን አንድ በአንድ መርጠው፣ ቤት አምጥተው፣ በገዛ እጃቸው ሊያስሩት። ኢዮስያስ ዩኒቨርሲቲ ከመሄዱ በፊት አብረን እንጨርሰዋለን ብለው ቃል ተገባብተዋል።

ስምንት ወር ሙሉ ምርጫ ላይ ነበሩ። ማዕድ ላይ ስንቀመጥ ወሬው እሱ ነው። ፕሮሰሰሩ ይሄ ይሁን፣ የለም ያኛው ይሻላል፣ ይህ ራም ለዚያ ማዘርቦርድ አይሆንም። መጀመሪያ «ማዘር» ሲሉ እኔን የጠሩ እየመሰለኝ አቤት እል ነበር። ይስቁብኛል። «አንቺን አይደለም እማ፣ ሁሉም ነገር የሚሰካባትን ሰሌዳ ነው» ይለኛል ኢዮስያስ። ሁሉም የሚሰካባት ከሆነችማ ስሟን ያወጣላት ሰው ያውቃል አልኩ በሆዴ።

ልጁ ሊሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለመምረጥ ሁለት ዕቃ ብቻ ቀራቸው፤ ሁሉም ነገር የሚገባበት ኬዝና ኤሌክትሪኩን የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ። ጠቡ እዚህ ላይ መጣ። ኢዮስያስ፣ መብራት በሚሄድ በሚመጣበት ሰፈር ደካማ ፓወር ሰፕላይ ከገባ ሁሉንም ይዞ ይቃጠላል፣ ኬዙ ተራ ቢሆን ምን ቸገረን አለ። ሚልካ ደግሞ ስምንት ወር የለፋንበት ነገር በቆርቆሮ ውስጥ ተደብቆ አይቀርም፣ መስታወት ያለው፣ መብራት ያለው ይሁን አለች። አንተ ትሄዳለህ፣ በየቀኑ የማየው እኔ ነኝ አለችው።

ክርክሩ ሱቅ ድረስ ተከተላቸው። ሻጩና ሌሎች የሰፈር ልጆች እየሰሙ ኢዮስያስ፣ «አንቺ ከኮምፒውተር የምታውቂው የሚያበራውን ብቻ ነው» አላት። ልጆቹ ሳቁ። እሷም፣ «የምትሄድበት ቀን በደረሰና በተገላገልኩህ» አለችው። ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ሁለቱም በየተራ መጥተው የነገሩኝ ሌላው ያለውን ነው፤ ራሳቸው ያሉትን የሰማሁት ከተቃራኒው ወገን ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ንግግራቸው በእኔ በኩል ሆነ። በይው፣ በያት። አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠው እንኳ፣ «እማ፣ ጨውን አቀብለኝ በይው» ትላለች። ጨው እሱ እጅ ሥር ነው። እኔ አንሥቼ እሰጣለሁ።

እኔን ያስጨነቀኝ ኮምፒውተሩ አልነበረም። ልጄ ቂም ቋጥሮ ከቤት እንዳይወጣ ነው። ቂም ይዞ የወጣ ሰው ሲመለስ እንግዳ ሆኖ ነው የሚመለሰው። ደህና ነሽ፣ ደህና ነህ ይባባላሉ፤ ከዚያ ወዲያ የለም። ወንድምና እህት እንዲያ ሆነው ሲያረጁ አይቻለሁ።

ስለዚህ አንድ ነገር አደረግሁ። ኢዮስያስን ለብቻው አግኝቼ፣ እህትህ ተጸጽታለች፣ ስለ ፓወር ሰፕላዩ ልክ እሱ ነበር ብላለች፣ ፊትህን ማየት አፍራ ነው እንጂ ይቅርታ ጠይቂልኝ ብላኛለች አልኩት። ሚልካንም ለብቻዋ አግኝቼ፣ ወንድምሽ ሰው ፊት ስላዋረደሽ እህል አልወርድ ብሎታል፣ ይቅርታ በይልኝ ብሏል አልኳት። ሁለቱም እንዲህ አላሉም። አንድም ቃል አልወጣቸውም። ለማስታረቅ ነው፣ እግዚአብሔር ልቤን ያያል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ሠራልኝ ደግሞ። በማግስቱ ሚልካ፣ ጥሩው ፓወር ሰፕላይ ይገዛ በይው አለችኝ። ኢዮስያስ፣ ኬዙ መስታወት ያለው ይሁንላት አለ። ሁለቱም እንዲሆን ስዕሉን የሚያወጣውን ግራፊክስ ካርድ አንድ ደረጃ ዝቅ አደረጉት፤ ማንም አልተቆጣ። ተመስገን አልኩ። አንድ ነገር ግን ልብ አላልኩም። አሁንም በቀጥታ አይነጋገሩም ነበር። እሱ፣ ለእማ ያለችውን ለእኔ ትበለኝ እያለ ይጠብቃል። እሷም እንዲሁ ትጠብቃለች።

ዕቃው ሁሉ ተገዝቶ ሐሙስ ዕለት መግጠም ጀመሩ። እንደ ዘበኛ በፈረቃ ነው የሠሩት፤ ጠዋት እሱ፣ ከሰዓት እሷ። ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ፣ ማቀዝቀዣውን ብረት ፕሮሰሰሩ ላይ ከማስቀመጧ በፊት ቅባት ትቀባው በያት ብሎኝ ሄደ። እኔም የተላክሁትን አደረስኩ። ሚልካ ያንን ጥያቄ የጠየቀችኝ ያኔ ነው። ብረቱና ፕሮሰሰሩ ልጥፍ ብለው ይቀመጣሉ፣ ታዲያ ቅባት ምን ያደርጋል ነው ነገሩ። ቀጥላም፣ «ለመሆኑ የቱን ቅባት ነው ያለው?» አለችኝ። እኔ በሕይወቴ የማውቀው ቅባት የገላና የፀጉር ነው፣ ሌላው የቤተ ክርስቲያን ነው። ቫዝሊኑን ስሰጣት ገልበጥ አድርጋ አየችው፣ ተጠራጠረች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደውላ ትጠይቀው ነበር። አልደወለችም። ቀባችውና ገጠመችው።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኢዮስያስ መጣ፣ ሶኬቱ ተሰካ፣ ኮምፒውተሩ ተነሣ። መስታወቱ ውስጥ ሰማያዊ መብራት በራ። ሁለቱም ፈገግ አሉ፤ እርስ በርስ ሳይሆን ወደ ኮምፒውተሩ። ከባዱን ጌም ከፈቱና ሚልካ መጫወት ጀመረች። ሃያ ደቂቃ ያህል ሄደ። ከዚያ ስክሪኑ ድርግም አለ፣ ቤቱን የቫዝሊን ሽታ ሞላው።

ኢዮስያስ ፈታው። ቫዝሊኑ እንደ ዘይት ቀልጦ ማዘርቦርዱ ላይ ወርዷል።

«ቫዝሊን?» አለ። «ቫዝሊን ነው የቀባሽው?»

«ቅባት ቀቢው ያልከው አንተ ነህ።»

«መጠየቅ ምን ነበረበት? ስልክ የለሽም?»

«ምን ብዬ ልደውል? ይቅርታ በይልኝ ብለህ ልከህ፣ ከዚያ ፊትህን አዙረህ የምታልፍ ሰውዬ።»

«እኔ? ይቅርታ የላክሽው አንቺ ነሽ።»

«ማ? እኔ አላልኩም።»

«እሺ፣ አሁን ደግሞ ካጂ።»

ውሸታም ተባባሉ። ያ የሱቁ ጠብ የአንድ ቀን ቁጣ ነበር፤ ይሄኛው ግን መተማመናቸውን የሚወስድ ሆነ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የዋሸሁት እኔ በሩ ጋ ቆሜ እሰማለሁ። ኢዮስያስ የራሴን ዕቃ ነቅዬ እወስዳለሁ አለ። ሚልካ ውሰደው አለችው።

ዓርብ ዕለት ኮምፒውተሩን ወደ ጠጋኝ የሚወስደው ጠፋ። እሷ ካለች እኔ አልሄድም፣ እሱ ካለ እኔ አልሄድም። ባጃጅ ጠርቼ ጭኜው ራሴ ጋሽ ዘርጋው ጋ ሄድኩ። ጋሽ ዘርጋው ድሮ ሬዲዮ ይጠግኑ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ዛሬ ሬዲዮ የሚያስጠግን ስለሌለ ኮምፒውተር ይሠራሉ። መነጽራቸውን አድርገው አዩት፣ በጣታቸው ነክተው አሸተቱት፣ ከዚያ ቀና ብለው፣ «እህቴ፣ ቆዳው አልደረቀበት፤ ምነው ቫዝሊን ቀባችሁት?» አሉኝ።

አፈርኩ። ነገሩን ነገርኳቸው፤ ጥፋቱ የልጅቷ እንዳልሆነ፣ እኔ እንደሰጠኋት። ሳቃቸውን ጨርሰው አስረዱኝ። ፕሮሰሰሩ ሲያስብ ይግላል። ላዩ ላይ ያለው ብረት ግለቱን ተቀብሎ ያወጣለታል። ሁለቱ ለዓይን ልሙጥ ናቸው፣ የተገናኙ ይመስላሉ፤ በእውነቱ ግን ፊታቸው ላይ የማይታይ ጎድጓዳ አለ፣ ጎድጓዳው ውስጥ አየር ይቀመጣል፣ አየሩም ግለቱን አያሳልፍም። እውነተኛው ቅባት ያንን ጎድጓዳ የሚሞላ ነው አሉ።

«ታዲያ ቫዝሊኑ ለምን መጀመሪያ ሠራ?» አልኳቸው።

«ቀዝቃዛ እስከሆነ ድረስ ማንም ይሠራል፣ እህቴ። ቅባት የሚለየው ሲግል ነው።»

ዕድለኞች ናችሁ፣ ሲግል ራሱን ለማዳን ነው የጠፋው፣ የተቃጠለ ነገር የለም አሉኝ። እኔም ቶሎ ለመገላገል፣ እንግዲያው ትክክለኛውን ከላይ ደርበው ይቀቡልኝ አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። አሮጌው ሳይጠረግ አዲስ አይቀባም፣ አሮጌው ላይ የተቀባ አዲስ እሱም ተበላሽቶ ይቀራል ብለው ጥጥና አልኮል ሰጡኝ። መጥረጉን ሁልጊዜ ለባለቤቱ ይተዋሉ። እየጠረግሁ ሦስት ጥጥ ቆሸሸ። አራተኛው ነጭ ሆኖ ወጣ። ከዚያ እሳቸው ከትንሽ መርፌ መሰል ዕቃ ቅባቱን ጠብ አደረጉ፤ የምስር ፍሬ ብታክል ነው። ይበቃል ወይ አልኳቸው። ከበዛ ራሱ ግድግዳ ይሆናል አሉኝ።

ኮምፒውተሩ ተሠርቶ ቤት ገባ። ሚልካ ሞከረችው፣ አልጠፋም። ኢዮስያስ በዚያኛው ክፍል ልብሱን ሻንጣ ውስጥ ይከታል። ዕቃዬን እነቅላለሁ ማለቱን ትቶታል፤ ያ ደግሞ ይባስ አስፈራኝ። ሰው የሚነቅለውን እንኳ ከተወ፣ ልቡ ሄዷል ማለት ነው።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ልጆቼ ስምንት ወር ሙሉ ያልመረጡት ዕቃ የለም፤ ምርጫ ያልተደረገበት ያ የምስር ፍሬ ብቻ ነው፣ ሁሉንም የጣለው እሱ ነው። እኔም በሁለቱ ልጆቼ መሃል እጄ ያገኘውን ለስላሳ ነገር ቀባሁ። ለስላሳ ስለሆነ ደግ መሰለኝ። ሁለት ሰዎች አንድ ጣሪያ ሥር ስላደሩ፣ ጉንጭ ለጉንጭ ስለተሳሳሙ ተገናኙ ማለት አይደለም። በመሃላቸው የማይታይ ጎድጓዳ አለ። ለማስታረቅ የተፈጠረ ውሸት እስኪግል ድረስ ይይዛል፤ ሲግል ቀልጦ ይወርዳል፣ ንጹሑንም ያበላሻል። የሚቆየው እውነት ነው፣ እሱም ጥቂት ይበቃዋል። ግን አስቀድሞ አሮጌው መጠረግ አለበት፣ የሚጠርገውም የቀባው ሰው ነው። ይህን የምታነቡ፣ በምትወዷቸው ሁለት ሰዎች መሃል የቀባችሁት ምንድን ነው? ሲግል የሚቆይ ነው?

በማግስቱ ጠዋት፣ ቅዳሜ ነው፣ ኪዳን አድርሼ ተመለስኩና ነጠላዬን ሳላወልቅ ሁለቱንም ጠራኋቸው። አንድ አልጋ ጫፍና ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እንዲህ አልኳቸው፤ «ሚልካ ይቅርታ አልላከችም። ኢዮስያስም አልላከም። ሁለቱንም የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ውሸታም ስትባባሉም ቆሜ ሰምቼ ዝም አልኩ። ይቅር በሉኝ።»

ከዚያ ሚልካ እኔን እያየች፣ «እና እህል አልወርድ ብሎታል ያልሽው?» አለችኝ።

«ደህና ይበላ ነበር።»

ኢዮስያስ ሳይወድ ሳቀ፣ ወዲያው ሳቁን ዋጠው። እሷ አልሳቀችም። ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ «እማ፣ ሱቅ ውስጥ ያን ያህል ሰው ፊት...» ብላ ለእኔ ልትነግረኝ ጀመረች። እጄን አነሣሁና፣ «ለእኔ አይደለም» አልኳት። ተነሥቼ ወጣሁ፣ በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት።

ውጭ ቆምኩ። የእሷ ድምፅ ከፍ አለ። የእሱም ከፍ አለ። ልገባና ላበርዳቸው እጄ በሩ ላይ ደረሰ። ያን ጊዜ ልጄ፣ «ሚልካ፣ ቆይ ስሚኝ» ሲላት ሰማሁ። ከሱቁ ጠብ ወዲህ ስሟን ጠርቶ አያውቅም ነበር። እጄን ከበሩ ላይ አነሣሁና የቁርስ ዳቦ ልገዛ ሄድኩ።