ልመናውን ያነበበው ገበሬ

«ወንድሙ ሰው የገደለበት አንድ ገበሬ ነበረ» ብለው ጀመሩ የኔታ ጽጌ።

ከፊታቸው የተቀመጠው ደቀ መዝሙራቸው ዲያቆን ይባቤ ነው። ይባቤ ስብከቱን ከዳር እስከ ዳር ጽፎ ካልያዘ ዐውደ ምሕረት ላይ መቆም አይሆንለትም። «የኔታ፣ ያለ ጽሑፍ መስበክ እንዴት ይለመዳል? ወረቀቱን ስተወው አፌ ይተሳሰራል» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም ይህን ነገሩት።

የገበሬው ታናሽ ወንድም ከወንዝ ማዶ ካለ ጎልማሳ ጋር በመስኖ ውሃ ተጣልቶ በዱላ መታው፤ ሰውየው እዚያው ቦዩ ዳር ሞተ። ገዳዩ ሸሽቶ ቆላ ወረደ። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ወገን ሰዎች አንድ ገበያ መዋል አቆሙ። ገበሬው ደሙ ካልደረቀ ነገ የሚሞተው የገዛ ልጁ ሊሆን እንደሚችል ስለገባው ሽማግሌ ላከ። የሟች አባት ብዙ ካንገራገሩ በኋላ «ይምጣና ይናገር፤ እሰማዋለሁ» አሉ።

ገበሬው ሰው ፊት ሲናገር የሚርበተበት ነበር። ስለዚህ ጽሕፈት ከሚያውቅ ዘመዱ ዘንድ ሄዶ ልመናውን አጻፈ። ልመናው ያማረ ነበር፤ የሰማው ሁሉ አደነቀው። ቀኑ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ተቀመጡ፤ የሟች አባትም መጡ። ገበሬው ቆሞ ማንበብ ጀመረ።

ጥቂት እንዳነበበ አባትየው አቋረጡት። «ልጄ ሲሞት ምን አለ?» አሉት። «አጠገቡ የነበረው የአንተ ወንድም ብቻ ነው። ምን አለ?»

ገበሬው ደነገጠ። ቀና ቢል ያለበት ቦታ ሊጠፋበት ነው። ጣቱን ከመስመሩ ሳያነሣ «እሱን በኋላ እነግርዎታለሁ፤ መጀመሪያ ይችን ልጨርስ» አለና ቀጠለ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም፤ አንዲት ቃል አልሳተም። ጨርሶ ቀና ሲል የአባትየው መቀመጫ ባዶ ነው።

«ከሄዱ ቆዩ እኮ» አለው አንዱ ሽማግሌ። «ለማን ነበር የምታነበው?»

ገበሬው አፍሮ ተመለሰ። ሽማግሌዎቹ እንደገና እግር ላይ ወድቀው ለመኑና አባትየው ሌላ ቀን ሰጡ፤ ከዚያ በኋላ ግን እንዳይመጡባቸው አስጠነቀቁ።

ገበሬው ቆላ ወርዶ ወንድሙን አገኘው። «ልጁ ሲሞት ምን አለ?» ብሎ ጠየቀው። ወንድምየው እያለቀሰ ነገረው። ገበሬው ወደ ቤቱ ሲመለስ ጽሑፉን አውጥቶ አላየውም። «ለመሆኑ እኔ ሰውየውን የምለምናቸው ምንድን ነው?» ብሎ ራሱን ጠየቀ። መልሱን ካገኘ በኋላ እያረሰ ጮክ ብሎ ይናገረው ጀመር። ምሳ ያመጣችለት ሚስቱ «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለችው።

«ከሟች አባት ጋር።»

«ታዲያ ትናንት ያልከው እኮ ሌላ ነበር።»

«ቃሉ ሌላ ነው፤ ነገሩ ያው ነው» አላት።

ቀኑ ደረሰ፤ ባዶ እጁን ሄዶ ቆመ። በይቅርታ ሊጀምር አስቦ ነበር። የአባትየውን ፊት ሲያይ ግን ያሰበው ሁሉ ጠፋበት፤ ዝም አለ። ሰዎቹ የሚለው የጠፋው መሰላቸው። አባትየው ግን ቀና ብለው አዩት። በዚህ ጊዜ፦

«አባቴ፣ ያን ዕለት ጠይቀውኝ ሳልመልስልዎ ቀረሁ» አለ። «ልጅዎ ውሃ ለመነ። ወንድሜ ከቦዩ በእጁ ጨልፎ አጠጣው። ከዚያ ‹ለአባዬ ሳልነግረው ነው የወጣሁት› አለ። ሌላ አልተናገረም።»

አባትየው በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። ገበሬው ጠበቃቸው። ሲበርድላቸው «በደልነዎት። ልጅዎን ልንመልስልዎ አንችልም። የቀሩትን ልጆች ግን እናትርፍ» አለ። ከዚህ ሌላ አልጨመረም።

«ወንድምህን አምጣው» አሉ አባትየው። «ከራሱ አፍ ልስማው።»

ወንድምየው መጣ። በዚያው ዓመት ደሙ ደረቀ።

የኔታ ይህን ተናግረው ወደ ይባቤ ዞሩ።

«አየህ ልጄ፣ የምትሰብክለት ሕዝብ እንደዚያ አባት ነው። አንዱ ልጁን ቀብሮ፣ ሌላዋ ከባሏ ተጣልታ፣ ሁሉም የየራሱን ጥያቄ ይዞ ነው የሚመጣው። አፍ አውጥቶ አይጠይቅህም፤ ፊቱን አይተህ ነው የምታውቀው። አንተ ደግሞ ጣትህን መስመሩ ላይ አድርገህ ‹ይችን ልጨርስ› ትላለህ። መጻፉን አልከለክልህም፤ ጻፍ። ጽፈህ ስታበቃ ግን ‹የምለምናቸው ምንድን ነው?› በል። ባጭሩ መመለስ ካቃተህ ገና አልተዘጋጀህም። ከተመለሰልህ፣ መንገድ ስትሄድም ልብስ ስታጥብም ጮክ ብለህ ተናገረው፤ ቃሉ ቢለዋወጥ ግድ የለህም። ገበሬው ሁለተኛ ሲሄድ ሳይደክም የሄደ እንዳይመስልህ።»

«መሀል ላይ ቢጠፋብኝስ፣ የኔታ?»

«ዝም ብለህ እያቸው። ይጠብቁሃል። ቀና ሳትል ስታነብ ግን ጥለውህ ይሄዳሉ፤ ያውም ከመቀመጫቸው ሳይነሡ።»