ጌጡ በማለዳ ያለቀሰ ዕለት

በከተማችን ዳር ባለው የሳሙና ፋብሪካ አንድ ሰው ፌስቡክ ላይ አንብቦ ሳይጨርስ አስተያየት ሊጽፍ ሲጣደፍ፣ አጠገቡ ያለው አንድ አባባል ጣል ያደርግበታል። አባባሏ ከመጽሐፍ አልመጣችም፤ የመጣችው ከጌጡ ነው።

ጌጡ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነው። ዘጠኝ ዓመት ካርቶን ሲያስገባና ሲያስወጣ ኖሮ፣ ኃላፊው ጡረታ ሊወጡ ሲሆን ቦታቸውን አጥብቆ ተመኛት። ማንያህልሻል ከምትባል ባልደረባው ጋር ተወዳድረው ውጤታቸው እኩል ስለወጣ፣ የቀረው የሥራ አስኪያጁ የአቶ ልሳነወርቅ ውሳኔ ብቻ ነበር። ጌጡም መላ መታ። አለቃው ፌስቡክ ላይ ምንም ይለጥፉ ምን፣ እሱ ከሰው ሁሉ ቀድሞ መገኘት። የድንች ወጥ ፎቶ ቢለጥፉ እንኳ "ጋሼ፣ ጥበብዎ ይደንቃል" ይላቸው ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት፣ የሠራተኞች ሰርቪስ ውስጥ ሳለ ስልኩ ጮኸ። አቶ ልሳነወርቅ የእናታቸውን የቆየ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ለጥፈዋል። ከሥሩ "እናቴ የሺመቤት፣ ውለታሽ መቼም አይረሳኝም" ይላል። ጽሑፉ ይቀጥላል፤ ቀሪውን ለማየት ግን "ተጨማሪ" የሚለውን መንካት ያስፈልጋል፣ እስከዚያ ደግሞ ሌላ ሰው ሊቀድም ነው። ጌጡ "ነፍስ ይማር፣ ጋሼ" ብሎ ጻፈ። ያነሰበት መሰለውና፣ በዓይኑ አይቷቸው ስለማያውቃቸው ሴት "እጃቸው ያጎረሰን ሁሉ ዛሬ ወላጅ አጣን" ሲል ጨመረበት።

ሰርቪሱ ውስጥ ያለው ሰውም እሱን ተከትሎ በየስልኩ ነፍስ ይማር ብሎ ጻፈ።

"ቆይ፣ እስቲ ደውለን እንጠይቅ" አለች አብራ የተሳፈረችው ማንያህልሻል።

"ሐዘን ላይ ላለ ሰው፣ እውነት ሞቱ ወይ ተብሎ ይደወላል እንዴ?" ብሎ ጌጡ ተቆጣት።

ሾፌሩም "ሥራ ይደርሳል፤ ለቅሶ ነው የማይቀረው" ብሎ መኪናውን ወደ አለቃው ቤት አዞረ።

ጌጡ የሰው ነጠላ ተውሶ አዘቅዝቆ ለበሰና፣ ከሁሉ ቀድሞ ወርዶ በሩ ላይ "እናቴን፣ እናቴን" እያለ ደረቱን ይመታ ጀመር። በሩ ተከፈተ። ሽክ ብለው የለበሱ አሮጊት ብቅ አሉ።

"ማን ሞተብህ፣ ልጄ?"

"እማማ የሺመቤት።"

"ምነው፣ እኔ ሳልሰማ?"

ከኋላቸው አቶ ልሳነወርቅ ፊኛ እንደያዙ ወጡ። ለካስ የእናታቸው ሰማንያኛ ዓመት ልደት ኖሯል፤ "ተጨማሪ" ከሚለው ሥር የተጻፈውም ይኸው ነበር። ስልካቸውን አውጥተው የነፍስ ይማሩን መዓት አነበቡ።

"መጀመሪያ የገደላት ማነው?"

ሁሉም ወደ ጌጡ ዞረ። ሾፌሩም ጥፋቱን ከራሱ ለማውረድ ፈጠን ብሎ፣ "ማንያህልሻልስ እንጠይቅ ብላ ነበር" አለ።

"እንግዲያው ግምጃ ቤቱን እሷ ትረከባለች" አሉ አለቃው። "ሳይቆጥር ለሚፈርም ሰው ግምጃ ቤት አይሰጥም።"

ጌጡ እዚያው ደጃፍ ላይ ቁጭ አለ። አሁን እንባው የምር መጣ፤ ዘጠኝ ዓመት የጠበቃት ቦታ ዓይኑ እያየ ሄደችበት። እማማ የሺመቤት አዘኑለት። አጠገቡ ተቀምጠው በተውሶው ነጠላ ጫፍ ፊቱን እየጠረጉ "አይዞህ፣ ገብተህ ቅመስ" አሉትና፣ ወደ ሰርቪሱ ሰዎች ዞር ብለው ፈገግ አሉ፦ "ሳይጠይቅ ያለቀሰ፣ እንባው ለራሱ ደረሰ።"