በር የመሰለችው ቮልስ

ተረት ልጀምር ነውና የቆመ ይቀመጥ፣ የተቀመጠም ይደላደል። መንገዱ አጭር ነው፤ ግን እየተመለሰ ከመነሻው ስለሚጀምር የቸኮለ ሰው ከአሁኑ ቢወርድ አልቀየምም።

ሐይቅ ዳር ባለች አንዲት ከተማ ጋሽ ቀጸላ የሚባሉ አናጺ ነበሩ። አርባ ዓመት ሙሉ በር ሠርተዋል። በዚያች ከተማ የሳቸውን በር ሳይገፋ ያደገ ሰው የለም። ሚስታቸው እትዬ ይርገዱ ይባላሉ፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ምላሳቸው ግን ደህና ነው። አንዲት አሮጌ ቮልስ መኪና አለቻቸው፣ ቀለሟ እንደ ተልባ አበባ ሰማያዊ የሆነ። የእትዬ ይርገዱ ጉልበት እምቢ ካለ ወዲህ እግራቸው እሷ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሽ ቀጸላ በሩን ይከፍቱላቸዋል፤ እሳቸው ነጠላቸውን ሰብስበው ይገባሉ፤ ሐይቁን ዞረው ማዶ ያለች ወዳጃቸውን ጠይቀው ይመለሳሉ።

አንድ ቀን እትዬ ይርገዱ የቮልሷን ጣሪያ እየዳበሱ፣ እሷም እንደኛ አረጀች እኮ አሉ። እንዲሁ ማለታቸው ነው። ጋሽ ቀጸላ ግን ቃሉን አንስተው በልባቸው አስቀመጡት። ልጃቸው መጥታ እናቷን ለሦስት ቀን ስትወስድ፣ ሰውየው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ሊያስደስቱ ነው እንግዲህ። በር የሚፋቅበትን ሻካራውን ብርጭቆ ወረቀት አወጡና ቮልሷን በደረቁ ፋቋት። ከዚያ በር የሚቀባበትን ብሩሽ አወጡና ከላይ ወደ ታች፣ ከላይ ወደ ታች፣ ወፍራም አድርገው ቀቧት። ለበር ቢሆን ግሩም ሥራ ነበር። ቮልሷ ግን ጭረቱ ከሥር እየታየ፣ ቀለሙ ከላይ እየተንጠባጠበ ደረቀባት። የሰፈሩ ልጆች እየመጡ ጎኗን ያንኳኳሉ፣ "ቤቶች!" ይላሉ፣ እየሳቁ ይሮጣሉ።

እትዬ ይርገዱ ተመልሰው አዩዋት። አንድ ጊዜ ዞሯት፣ ሁለተኛም ዞሯት።

"አንተ ሰውዬ፣ መኪናዬን በር አደረግካት" አሉ። "እኔ በር ላይ ተቀምጬ ከተማ አልዞርም።"

ገቡና መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። አንድ ቅዳሜ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፣ ሦስተኛውም አለፈ። እትዬ ይርገዱ አልተቆጡም፣ አልተሳደቡም፤ ዝም ብለው መንገዱን ያያሉ። ጋሽ ቀጸላን የጎዳቸው ይኸው ዝምታ ነው። ከዚህ በኋላ በዓለም ላይ የሚመኙት አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ሆነ፦ ሚስታቸው ቮልሷ ውስጥ እንዲገቡላቸው።

ወደ ቮልሷ ወጡና፣ እባክሽ እመሪልኝ፣ ይርገዱ እንድትገባ አሏት። ቮልሷ መች ልትሰማ። ይሄ ሁሉ ጭረት ጎኔ ላይ እያለ፣ ይሄ ሁሉ ቀለም ተንጠባጥቦብኝ ሳለ አላምርም አለች። እንግዲህ እትዬ ይርገዱ አልገባም አሉ፤ ቮልሷ አላምርም አለች።

ጋሽ ቀጸላ ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው ቮልሷን ወደ መኪና ቀለም ቀቢው ወደ ስንሻው ነዷት። ስንሻው መዳፉን በጎኗ ላይ አሳለፈና ጥቂት ፈገግ አለ። ግን የሚያከብራቸው ሰው ናቸው፤ የጋራዡ በር ራሱ የሳቸው ሥራ ነው። በዚህ ላይ ሌላ ቀለም መጨመር ጥፋትን ማልበስ ነው ብሎ አስረዳቸው። የተንጠባጠበው በልስልሱ ብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ይስተካከላል፣ የተቧጨረው ይደፈናል፣ ከዚያ ስንሻው ራሱ ስስ ቀለም ረጭቶ በፖሊሽ ይወለውላታል። ልስልሱ ወረቀት ግን ውሃ ውስጥ እየተነከረ ካልፋቀ መልሶ ይቧጭራል፤ አንድ ሙሉ በርሜል ውሃ ይፈልጋል። ቧንቧው ደግሞ መንገድ ሲቆፈር ተሰብሮ ከደረቀ ሰነበተ፤ የሐይቁ ውሃ ጨዋማ ስለሆነ ለቀለም አይሆንም። "ጋሼ፣ ውሃውን ያምጡልኝ እንጂ የቀረውን ለኔ ይተዉት" አለ። እንግዲህ እትዬ ይርገዱ አልገባም አሉ፤ ቮልሷ አላምርም አለች፤ ወረቀቱ ያለ ውሃ አልፍቅም አለ።

ጋሽ ቀጸላ ወደ ምንጩ ሄዱ። ምንጩ ከረግረጉ ማዶ ነው። እባክህ ውሃ፣ ና ወደ ስንሻው፣ ወረቀቱ እንዲፍቅ፣ ቮልሷ እንድታምር፣ ይርገዱ እንድትገባ አሉት። ውሃው እየተንዠቀዠቀ፣ በምን ልምጣ አለ። እርስዎ በርሜል አይሸከሙም፤ ቮልስዎ ረግረጉ ውስጥ ትሰምጣለች፤ እኔን የሚያመጣኝ የዳዲ ጋሪ ነው አለ። እንግዲህ እትዬ ይርገዱ አልገባም አሉ፤ ቮልሷ አላምርም አለች፤ ወረቀቱ ያለ ውሃ አልፍቅም አለ፤ ውሃው ያለ ጋሪ አልመጣም አለ።

ባለ ጋሪው ዳዲ ደጁ ላይ ጉንጩን ደግፎ ተቀምጧል። ጋሪው ቆሟል። ፈረሱ ዳማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። ጋሽ ቀጸላ ምን ሆነ ቢሉ፣ ዳዲ አንድ በአንድ ነገራቸው። ዳማ ግንባሩ ላይ የሚንጠለጠል ቀይ የክር ጌጥ ነበረው። ያንን ጌጥ የጎረቤት ፍየል በላችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳማ አፍሮ ከግቢ አልወጣም ብሏል። ዳዲ ገበያ ወርዶ የላስቲክ ክር ጌጥ ገዝቶለት ነበር፤ ዳማ ራሱን ነቅንቆ ጣለው፣ አልበቃ ብሎትም ረገጠው። የለመደው የእትዬ ወለላን ጥልፍ ነው፤ ሌላ አያውቅም። ጋሽ ቀጸላ ወደ ፈረሱ ጆሮ ጠጋ ብለው፣ አንተም እንደ ሚስቴ ነህ አሉት። እንግዲህ እትዬ ይርገዱ አልገባም አሉ፤ ቮልሷ አላምርም አለች፤ ወረቀቱ ያለ ውሃ አልፍቅም አለ፤ ውሃው ያለ ጋሪ አልመጣም አለ፤ ፈረሱ ያለ ጌጡ አልራመድም አለ።

ወለላ ማለት ሐይቁ ማዶ ያለችው ያቺው የቅዳሜዋ ወዳጅ ናት። ጋሽ ቀጸላ ወደሷ ለመሄድ እግራቸው ከበደ፤ ሦስት ቅዳሜ ቀርተዋልና። ቢሆንም ነዱ። ወለላ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ቀዩ ክር ጭኗ ላይ ነው፣ መርፌው ጣቷ መሀል ነው፣ ክሩና መርፌው ግን አልተገናኙም። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል። እባክሽ ወለላ፣ ጌጡን ስፊልኝ፣ ፈረሱ እንዲራመድ፣ ውሃው እንዲመጣ፣ ወረቀቱ እንዲፍቅ፣ ቮልሷ እንድታምር፣ ይርገዱ እንድትገባ አሏት። መርፌው ያለ ክር አይሰፋም አለቻቸው። ጋሽ ቀጸላ መነጽራቸውን አደረጉና ክሩን እኔ እሰካዋለሁ አሉ። በሚስማር የደነደነ ጣታቸው ክሩን ሦስት ጊዜ አሳተው። ወለላ መርፌውን ከእጃቸው ወሰደች።

"ተወው ቀጸላ። መርፌውንማ የጎረቤት ልጅም ይሰካልኛል" አለች። "ቅዳሜ ቅዳሜ መጥታ የሳምንቱን መርፌ ሁሉ ክር ሰክታልኝ የምትሄደው ይርገዱ ናት። እሷ ካልመጣች አልሰፋም። ስልክ ደውላ አልተመቸኝም አለችኝ። ምን አስቀየምኳት?"

ጋሽ ቀጸላ መነጽራቸውን አወለቁ። በብሩሽ የቀባሁት እኔ ነኝ ሳይሉ ባርኔጣቸውን ደፉ። ቮልሷን አስነሥተው ወደ ቤት ተመለሱ።

እትዬ ይርገዱ መስኮቱ አጠገብ ናቸው። ጋሽ ቀጸላ ፊት ለፊታቸው ተቀመጡና ሁሉንም ዘረዘሩት። አንቺ አልገባም አልሽ፤ ቮልሷ አላምርም አለች፤ ወረቀቱ ያለ ውሃ አልፍቅም አለ፤ ውሃው ያለ ጋሪ አልመጣም አለ፤ ፈረሱ ያለ ጌጡ አልራመድም አለ፤ መርፌው ያለ ክር አልሰፋም አለ። ነገሩ ፈረሱ ጋ ሲደርስ እትዬ ይርገዱ ሳቁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያልተሰማ ሳቅ ነው፤ የጋሽ ቀጸላ ዓይን እንባ አቀረረ። ክሩን ደግሞ ወለላ ያላንቺ አላስገባም አለች፤ ምን አስቀየምኳት እያለች ነው ሲሏቸው ግን ሳቁ ቆመ።

"አስቀየምኳት ወይ አለች? ወለላ?"

"አለች።"

እትዬ ይርገዱ ከዘራቸውን ፈለጉ፣ ነጠላቸውን ፈለጉ፣ ጫማቸውን ግራና ቀኝ አቀያይረው አጥልቀው እንደገና አወለቁ። ጋሽ ቀጸላ፣ ቆይ እስኪ፣ ቮልሷ እኮ ገና አልተሠራችም፣ ያው በር ናት አሉ።

"በርም ብትሆን ወለላ ጋ የምታስገባኝ በር ናት" አሉ እትዬ ይርገዱ። "ክፈትልኝ።"

ጋሽ ቀጸላ ከፈቱላቸው። ገቡ። ልብ በሉ፤ ያቺ ትንሿ ምኞት እዚህ ጋ ተፈጸመች፣ ቮልሷ ገና ከነጭረቷ ሳለች። ጋሽ ቀጸላ ግን ሞተሩን ለማስነሣት ሲጣደፉ አላስተዋሉትም። በመሀል ከተማ አለፉ። ልጆቹ እየሮጡ ተከተሉ፣ ጎኗን አንኳኩ፣ ቤቶች አሉ። እትዬ ይርገዱ አንገታቸውን ቀና አድርገው ፊት ለፊት እያዩ ሄዱ፤ አንድ ጊዜም ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አልጣሉም።

ሁለቱ ወዳጆች ሲገናኙ የተባባሉትን አልነግራችሁም፤ ግማሹ ለቅሶ፣ ግማሹ በጋሽ ቀጸላ ላይ የተወረወረ ነገር ነው። ጋሽ ቀጸላ በደስታ ተቀብለውታል። እኔ የማውቀው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። እትዬ ይርገዱ ክሩን በምራቃቸው አርሰው መርፌው ውስጥ አስገቡ፤ መርፌው ክሩን ሳበ፤ ክሩ ጌጡን ሠራ፤ ጌጡ ዳማ ግንባር ላይ ወጣ፤ ዳማ ከግድግዳው ፊቱን አዞረ፤ ጋሪው ረግረጉን ተሻገረ፤ ውሃው በበርሜል መጣ፤ ወረቀቱ ተነክሮ ፋቀ፤ የተንጠባጠበው ተስተካከለ፤ የተቧጨረው ተደፈነ፤ ስንሻው ስስ ቀለም ረጨ፤ ሲደርቅም በፖሊሽ ወለወለ። ጋሽ ቀጸላ አጠገቡ ቆመው፣ በቀስታ፣ በቀስታ እያሉ አስቸገሩት። ስንሻው በመጨረሻ ጨርቁን ሰጣቸውና አንዱን በር ራሳቸው ወለወሉት፤ በር መቼም የሳቸው ነው። ቮልሷ አማረች። የተልባ አበባዋ ተመለሰ።

ቅዳሜ ደረሰ። ጋሽ ቀጸላ ቮልሷን ደጃፍ አቁመው፣ ሞተሩ እንዲሞቅ ብለው መሪው ላይ ተቀምጠዋል። እትዬ ይርገዱ በከዘራቸው እየተደገፉ ወጡ። ቮልሷን አንድ ጊዜ ዞሯት፣ ሁለተኛም ዞሯት። ጋሽ ቀጸላ በመስታወቱ አዩዋቸው። እትዬ ይርገዱ መጡና በሩ ፊት ቆሙ። እጀታውን አልነኩም። ጣታቸውን አጠፉና የሚያብረቀርቀውን ቀለም ቀስ ብለው አንኳኩ።

"ቤቶች" አሉ።

ጋሽ ቀጸላ ጎንበስ ብለው በሩን ከውስጥ ከፈቱ።

"ደጆች" አሉ። "ግቢ፣ ቤትሽ ነው።"

እትዬ ይርገዱ ነጠላቸውን ሰብስበው ገቡ። ተረቴም ከኋላቸው ገባች፤ በሩን እኔ ዘጋሁት።