ጉልበት የሚሳምባቸው አምስቱ ድንጋዮች

ከሸንበቆ ውሃ ወደ ደበሌ አምባ በሚያወጣው ዳገት፣ ከመንገዱ ዳር፣ እየተራራቁ የተቀመጡ አምስት ጠፍጣፋ ድንጋዮች አሉ። በዚህ ዳገት የሚወጣ ሰው፣ ጎረምሳም ሆነ ሽማግሌ፣ ቢቸኩልም ባይቸኩልም፣ በየድንጋዩ ሳያርፍ አያልፍም። አብሮት የሚሄድ ካለም አንዱ ይቀመጥና ሌላው ተንበርክኮ ጉልበቱን ይስማል፤ በሚቀጥለው ድንጋይ ተራው ይለወጣል። ለአገሩ እንግዳ የሆነ ነጋዴ ይህን አይቶ ቢስቅ የሚቀየመው የለም፤ ብቻ እሱም ተቀምጦ ጉልበቱ እስኪሳም ድረስ መንገድ አይለቀቅለትም።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት ድንጋዮቹ ድሮ ሌላ ሥራ ነበራቸው። ባሏን አኩርፋ ከቤቷ የወጣች ሴት እዚያ ትቀመጥ ነበር፤ እዚያ የተቀመጠች ሴት ያየ መንገደኛ ደግሞ ባሏን አስጠርቶ፣ በደሉን አናዝዞ፣ ጉልበቷን አስሞ ሳያስታርቅ ማለፍ ነውር ነበር። ያ ሥርዓት ዛሬ ወደምናየው የተለወጠው በየሻረግ ምክንያት ነው ይባላል።

የሻረግ የሸንበቆ ውሃ ሴት ነበረች፤ ባሏ ድልነሳው ደግሞ መልእክት አድራሽ ሆኖ ያደገ፣ በአገሩ በእግሩ ፍጥነት የታወቀ ሰው። ሃምሳ ዓመቷ ላይ ጉልበቷን ያዛት። መጀመሪያ ወጌሻው በቅቤ አሻት፤ ሳምንት ያህል ተሽሏት መልሶ ባሰባት። ከዚያ ወዲያ ድልነሳው ግማሽ ቀን በበቅሎ፣ ግማሽ ቀን በጭነት መኪና እያደረገ፣ ሦስት ጊዜ ከተማ ወዳለው ሐኪም ቤት ወሰዳት።

በመጀመሪያው ጊዜ ነጭ ክኒን ተሰጣት፤ ክኒኑ ጉልበቷን ትቶ ሆዷን አቃጠላት። በሁለተኛው «ዕድሜ ነው» ተባለች፤ እናቷ ግን በሰማንያ ዓመቷ ያንኑ ዳገት ትወጣ ነበር። በሦስተኛው ከማለዳ እስከ ቀትር ወረፋ ጠብቃ ገባችና፣ ሕመሙ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ልትናገር አፏን ስትከፍት ወረቀቱ ተጽፎ አልቋል። ሐኪሙ ክፉ ነበር የሚል የለም፤ ደጃፉ ላይ ያን ሁሉ ሰው አሰልፎ ምን ያድርግ። ነገር ግን በሦስቱም ጊዜ ጉልበቷን በእጁ የነካ አልነበረም፤ የሻረግን ያንገበገባትም ይኸው ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል አገሩ፤ እሷ ሳትደብቅ ሦስት ጊዜ ተናግራ ስላልተሰማች፣ ከዚያ ወዲህ ተሻለኝ እያለች መደበቅ ጀመረች።

በዚህ መካከል አምባው ላይ የተዳረችው ልጇ አትጠገብ መውለጃዋ ደረሰና «እናቴ ካልመጣች አልወልድም» ብላ ላከች። ሞኝ ቃል ነው፤ የደረሰ ልጅ ማንንም አይጠብቅም። እናት ግን እንዲህ ተብላ ትቀመጣለች? በዳገቱ ላይ በቅሎ የማታልፍበት ደረጃ አለ። ቃሬዛ ደግሞ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አምባው ላይ በመሆኑ፣ በዚያ መንገድ በቃሬዛ የሚወጣው ሬሳ ብቻ ነበር፤ ልጇ እናቷን በዚያ ተጭና ብታይ ምን ይውጣታል? የሻረግ በእግሯ መውጣት ነበረባት፤ መታመሟንም የሚያውቅ ካለ እንደማያስወጣት ስላወቀች፣ ለማንም እንዳይናገር ባሏን አስማለችው።

ገና በማለዳ ተነሡ። ድልነሳው ሠላሳ ዓመት እንደለመደው ከፊት ከፊት እየሄደ፣ መጀመሪያው ድንጋይ ጋ ሲደርስ ዘወር ቢል ሚስቱ ከኋላው የለችም። ጥቂት ቆይታ እያነከሰች ደረሰችና፣ የምትቀመጥበትን ሳታይ ድንጋዩ ላይ ዘፍ አለች።

ወዲያው፣ ወደ ገበያ የሚወርዱት ባላምባራስ ቢሻው ከሦስት ሰዎች ጋር ብቅ አሉ። እኒህ ሰው ያላስታረቁት ጠብ በአገሩ አልነበረም፤ ሴቲቱን ድንጋዩ ላይ ሲያዩ ምርኩዛቸውን ተክለው ቆሙ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉ። «የሻረግ ልጄ፣ ምን አደረገሽ?»

የሻረግ መሬት መሬት አየች። ጉልበቴን አመመኝ ብትል ወደ ቤቷ ይመልሷታል፤ ባሌ በደለኝ ብትል ደግሞ በሐሰት ስሙን ማጥፋቷ ነው። ይህን ጊዜ ድልነሳው፣ በዕድሜው ሽማግሌ ፊት ተከስሶ የማያውቀው ድልነሳው፣ ስንቁን አወረደ።

«በድያታለሁ» አለ።

«ምን አድርገህ?»

ምን እንደሚል አላሰበበትም ነበር ይባላል። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከፊቷ ከፊቷ ስሄድ ኖርሁ። አንድ ቀን እንኳ ዞሬ አላየኋት» አላቸው።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እንዲህ ያለ በደል ሰምተው አያውቁም፤ በእነሱም ቤት ያለ ነገር ስለሆነ ትንሽ ሳይከብዳቸው አልቀረም። ሆኖም ሳም አሉት፤ ተንበርክኮ ሁለቱን ጉልበቶቿን በሁለት እጁ ይዞ ሳመ። የሻረግ ያን ጊዜ አለቀሰች። ጉልበቷ ከታመመ ጀምሮ ከወጌሻው በቀር እጁን ያኖረበት ሰው አልነበረም፤ የዚህ እጅ ደግሞ ሞቃት ነበረ፣ ቶሎም አልተነሣም። ባላምባራስ ምርቃታቸው ረጅም በመሆኑ፣ አሜን አሜን ሲባል ሕመሙ በረድ አለላትና ተነሥታ ሄደች።

ሁለተኛው ድንጋይ ላይ ደግማ ተቀመጠች፤ ሌሎች ገበያተኞች ደረሱ፤ ድልነሳውም ደግሞ በዳይ ሆነ። «ስትነግረኝ ሳልሰማ፣ ቀላል ነገር ነው ብያታለሁ» አለ፤ ይህም እውነት ነበር። በሦስተኛውና በአራተኛውም እንዲሁ ሆነ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንዲሉ፣ ድልነሳው በአንድ ጧት ሚስቱን አራት ጊዜ በደለ የሚለው ወሬ እነሱ አምባው ላይ ሳይደርሱ ገበያው መሐል ደረሰ።

አምስተኛው ድንጋይ ላይ ስትቀመጥ መንገዱ ጭር ብሎ ነበር። ድልነሳው እንደገና ሲንበረከክ እጁን ያዘችው።

«አሁን እኮ ማንም የለም» አለችው። «ይነሡ፣ የአትጠገብ አባት።»

«አንቺ አለሽ አይደለም እንዴ» አለና ሳመ።

አምባው ላይ በእግሯ ደረሰች፤ አትጠገብም የእናቷን እጅ እንደያዘች በሰላም ሴት ልጅ ወለደች። ወሬው ግን ዞሮ መጣ። በክርስትናው ቀን እንግዳው ሁሉ ድልነሳውን በጎሪጥ አየው፤ የገዛ ልጁ እንኳ ምግብ ስታቀርብለት ፊቷን አዞረችበት። እሱ መሐላውን ጠብቆ ዝም አለ። የሻረግ ይህን ስታይ አንጀቷ አልቻለም፤ የልጅ ልጇን እንደታቀፈች በሰው ሁሉ መሐል ተነሥታ፣ «የበደለኝ ጉልበቴ ነው፤ እሱ የበደለው የለም» አለች። ከዚያ የሐኪም ቤቱን፣ የክኒኑን፣ የቃሬዛውን ፍርሃት አንድ ሳታስቀር ተናገረች፤ ያን ዕለት እስክትጨርስ ድረስ ያቋረጣት ሰው አልነበረም።

ከእንግዶቹ መካከል የነበሩት ባላምባራስ ቢሻው ያን ጊዜ ፈረዱ ይባላል። ንጹሕ ሰው በሐሰት ማናዘዛቸው አሳፍሯቸው፣ ፍርዱን መጀመሪያ በራሳቸው ላይ አደረጉት። «ከእንግዲህ በዚያ ዳገት የሚወጣ ሁሉ ይቀመጥ፤ የታመመ ሰው ብቻውን ተቀምጦ አይፈር። የተቀመጠውንም ለምን ተቀመጥህ ብላችሁ አትጠይቁት፤ ጉልበቱን ሳሙት» አሉ፤ ተነሥተውም የየሻረግን ጉልበት ሳሙ።

ጉልበቷ ዳነ ወይ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። አልዳነም፤ ሽማግሌዎች ይህን ለመናገር አያቅማሙም። ቢሆንም አትጠገብ ከዚያ በኋላ ሦስት ልጆች ስትወልድ፣ የሻረግ ሦስቱንም ጊዜ በእግሯ ወጥታለች፤ ድልነሳውም ዳግመኛ ከፊቷ ሲሄድ ያየው ሰው የለም።

አምስተኛው ድንጋይ ዛሬም አለ። መቀመጫው እንደማንኛውም ድንጋይ ሻካራ ነው፤ የለሰለሰው ከፊቱ ያለው ዐለት ነው። እዚያ ላይ፣ የሚንበረከክ ሰው ጉልበቶቹን በሚያሳርፍበት፣ ሁለት ጎድጓዶች አሉ፤ ዝናብ ሲዘንብ ውሃ ይይዛሉ።