የገለባ እናትና የተበላው ጠፍር

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ በጠፋበትና ሣሩ ከነሥሩ በተቃጠለበት አገር፣ እንስሳት ሁሉ ገደል አፋፍ ላይ ተሰብስበው ማዶ ማዶውን ያዩ ነበር። ማዶ ለምለም ነው። መሻገሪያ ግን የለም። ከሁሉም ይልቅ ዓይኗ ማዶ የቀረው አህያ ነበረች። አንዲት ውርንጭላ አለቻት፤ የእናቷ ጡት ስለደረቀ የጎን አጥንቷ ከሩቅ መቆጠር ጀምሯል።

ጦጣዎች ሐረግ ገምደው፣ እንጨት ረብርበው ድልድይ ሠሩ። አንበሳ ግን «ሳይፈተን ማንም እግሩን እንዳያነሣ!» አለና ኃላፊነቱን ለቀበሮ ሰጠ። ቀበሮ ሥራውን ለሌላ፣ ምስጋናውን ለራሱ ማድረግ ያውቅበታል። ወዲያው አህያን ጠራት።

«እመት አህያ፣ የእንስሳት ምስል በገለባ ሥሪልኝ። ክብደታቸው ከእኛ እንዲስተካከል ሆዳቸው ውስጥ ድንጋይ ጨምሪበት። ጦጣዎች ከማዶ ሆነው በገመድ እየጎተቱ ያሻግሯቸዋል።»

አህያ ከመሸከም ሌላ ሙያ የላትም የሚል ካለ ይፈር። ዛሬ የኮምፒውተር ባለሙያዎች የመረጃ ቋታቸውን ለመፈተን የሌለች እናትና የሌለ ልጅ ፈጥረው እንደሚያዛምዱ ሁሉ፣ እሷም በገለባ ዘመድ ማዛመድ ጀመረች። ደንብ ነበራት፤ እናቲቱ ሳትሠራ ልጅ አትሠራም። እናቲቱ ስትቆም ልክ ከእሷ ላይ ወስዳ ልጇን ታወጣለች፤ ከዚያ ሁለቱን በአጭር የቆዳ ጠፍር ጎን ለጎን ታስራቸዋለች። አንዴ የሠራችውን ደግሞ አትነካካም፤ ካልተስማማት እንዳለ ትታው ሌላ ትሠራለች። በግና ጠቦት፣ ፍየልና ግልገል፣ በመጨረሻም አህያና ውርንጭላ ቆሙ።

«ይሄ ሁሉ ጠፍር ለምንድን ነው?» አለ ቀበሮ።

«ልጅ ብቻውን አይሄድም፣ አያ ቀበሮ። ሲፈራ ደግሞ የእናቱን ጎን አይለቅም። ሁለቱ አንድ እንጨት ላይ ቢቆሙ ይችላቸው እንደሆነ ነው ማየት ያለብን።»

«ገለባም እናት አለው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ግን አንበሳ እንዳይሰማ ፈርቶ ተዋት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አህያ ውርንጭላዋን ይዛ ውሃ ፍለጋ ወረደች። ቀበሮ ምስሎቹን እንዲጠብቅ ያቆመው ማንን መሰላችሁ? አያ ጅቦን! ጠፍርን ለጅብ አደራ! አያ ጅቦ ለጥቂት ጊዜ እንደ ጨዋ ተቀመጠ። ጠፍሩ ሸተተው። አንዱን ላስ አደረገ። «ይቺ አንዷ ብትጎድል ማን ያውቃል?» አለና ዋጣት። ሁለተኛዋ ብቻዋን ስትቀር አሳዘነችው፤ እሷንም አስከተላት። ቀበሮ ሲመለስ አንድም ጠፍር አልቀረም።

«አንተ ሆዳም! ጠፍሩስ?»

«የቱ ጠፍር?» አለ አያ ጅቦ፣ የጠፍሩ ጫፍ ከከንፈሩ እንደተንጠለጠለ።

አንበሳ እየመጣ ነበር። ቀበሮ የሚናገረው ቢጠፋው የሚያደርገውን አላጣም። ምስሎቹን አራርቆ በተራ አሰለፋቸውና ለጦጣዎች ምልክት ሰጠ። በጓ ብቻዋን አለፈች። ጠቦቱ ብቻውን አለፈ። ድልድዩ ሲጥ እንኳ አላለም። እንስሳቱ በደስታ ጮኹ። አህያ የደረሰችው የገለባዋ ውርንጭላ ብቻዋን ስትጎተት ነው።

«አያ ቀበሮ፣ ጠፍሩ የት ሄደ? ይሄማ ሙከራ አይደለም! ሌላ ጠፍር ፈልገን እንደገና እንየው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል።»

ቀበሮ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «በጓም ጠቦቱም አልፈዋል፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ? እንደገና እንጀምር ብትዪ ስንት ቀን ሊፈጅ ነው? እስኪ ልጅሽን እያት። እስከዚያ ትቆያለች? ዝም አይነቅዝም፣ እመት አህያ።»

አህያ የልጇን አጥንት አየች። ማዶ ያለውን ሣር አየች። ዝምም አለች። ዝም አይነቅዝም ያሉ ሰዎች ያን ዕለት እዚያ አልነበሩም።

ጦጣዎቹ ገመዳቸውን ሰብስበው ሲመለሱ፣ «ተሻገሩ!» አለ አንበሳ። ለልጇ ብላ ቀድማ የገባችው አህያ ናት። ውርንጭላዋ ኋላ ኋላዋ እስከ መሃል ተከተለቻት። መሃል ላይ ሐረጉ ተወዛወዘ። ቁልቁል አየችና «እማዬ!» ብላ ከእናቷ ጎን ተለጠፈች። ከሥራቸው ያለው እንጨት አንድ ጊዜ ጮኸ። እናቲቱ ደንግጣ ዘለለች፤ የፊት እግሮቿ ቀጣዩን እንጨት ያዙላት። ውርንጭላዋ ግን ለመዝለል አቅም አልነበራትም።

አህያ ማዶ ደርሳ እያናፋች ዞር ስትል፣ የድልድዩ መሃል ተሰብሮ ባዶ ሆኖ ነበር።

«ተፈትኗል አላልክም?» ብሎ አገሳ አንበሳ።

«ተፈትኗል እንጂ ጌታዬ!» አለ ቀበሮ ወደ ኋላ እያፈገፈገ። «አንድ በአንድ ሲሄዱ ምንም አልሆነም። እነሱ ናቸው ተጠጋግተው የሄዱት!»

 አያ ጅቦ ወደ ገደሉ አፋፍ ጠጋ አለ። «ታች ወርጄ ልያት እንዴ?» አለ ምላሱን እያዞረ። የሚከለክለው ስላጣ ወረደ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ ያን ቀን ንጉሡም አላስጣለም።

የቀሩት እንስሳት በዚህኛው አፋፍ ከረሃባቸው ጋር ቀሩ። አህያ በዚያ ሁሉ ሣር መካከል ብቻዋን ቆማለች። «አውቅ ነበር እኮ» አለች፣ የሚሰማት ሳይኖር። ሣሩ ጉልበቷ ድረስ ነበር። አልቀመሰችውም።

ከዚህ የምንማረው፣ ለሙከራ ብለን የምንፈጥረው ነገር እውነተኛው የያዘውን ዝምድና ሁሉ መያዝ እንዳለበትና፣ ያ ዝምድና ተቆርጦ እያየ ዝም ያለ ሰው ለሚመጣው ኀዘን ተጠያቂ መሆኑን ነው።