የትርንጎ ስልክና የሰዓዳ መልስ

ተረቴን ላምጣው፤ ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ ስልክ የያዘው ኪሱ ይክተት።

በደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ሦስት አጥሮች በተጋጠሙበት ሰፈር ትርንጎ የምትባል ባልቴት ነበረች። ይቺ ባልቴት አንዲት ትንሽ ነገር ፈለገች፤ የልጅ ልጇን ፊት ማየት። ልጇ ማስተዋል ድሬዳዋ ላይ ሴት ልጅ ወልዳለች። ሕፃኗ ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ያን ዕለት ቅዳሜ ጠዋት ክርስትና ተነሥታለች። መጠሪያ ስሟ ግን ገና አልወጣም፤ ለአያቷ ተጠብቆላታል። በነትርንጎ ቤት ደግሞ ስም የሚወጣው የሕፃኑን ፊት እያዩ ነው። ሳያዩ ያወጡት ስም አይጸናም ይላሉ።

ትርንጎ ስሙን ከያዘችው ቆይታለች፤ ስፍራሽ፣ የሟች እናቷ ስም። ለማስተዋል ልትሰጣት ፈልጋ ባሏ እምቢ ብሏት ነበር። አሁን ባሏም የለ፤ ስሙ ብቻ ሰው አጥቶ ተቀምጧል።

ድሬዳዋ እንዳትሄድ ጉልበቷ የአውቶቡስ ደረጃ መውጣት ትቷል። ያላት የሰው ፊት እያሳየ የሚያገናኝ አንድ ርካሽ ስልክ ነው። የማስተዋል አማት ወይዘሮ ዓለምነሽ ደግሞ፣ "እንግዳው ሳይበተን ካልታየች እኔ ሶልያና ብያታለሁ። የዚያችን ሴትዮ ስልክ ስንጠብቅ ልጅቷ ትዳራለች" ብላለች። ማስተዋልም የአማቷን ነገር አንዲት ቃል ሳትቀንስ ለእናቷ አድርሳለች።

የሰው ስልክ ብትዋስስ? አይሆንም። ዓለምነሽ "በተውሶ ስልክ ስም አወጣች" እያለች ዕድሜ ልኳን ታወራባታለች። ሌላ ብትገዛስ? ስልክ ጠጋኙ ፍሬሰንበት ባለፈው ሳምንት፣ "እማማ፣ ይሄ ስልክ ዕድሜው አልቋል፤ ሌላ ይግዙ" ብሏት ነበር። "የኔም ዕድሜ አልቋል፤ ሌላ ልግዛ?" ብላው ወጥታለች።

እንግዲህ ትርንጎ በረንዳዋ ላይ ተቀመጠች። "ስልኬ፣ ስልኬ፣ ምስሉን ክፈትልኝ" አለችው።

ስልኩ ክቡን አዞረ፣ አዞረ፣ አዞረና፣ "አልከፍትም" አለ። "ሚሞሪው ቦታ ነፍጎኛል።"

"ሚሞሪ፣ ሚሞሪ፣ ለስልኬ ቦታ ስጠው። ሚሞሪ ቦታ ካልሰጠ ስልክ አይከፍትም፣ ስልክ ካልከፈተ ልጅቷ ስም የላትም።"

"አልሰጥም" አለ ሚሞሪው። "ሥዕሎች ጫንቃዬ ላይ ተቀምጠዋል። እነሱን አስነሺ።"

እውነቱን ነው። በሚካኤል የሚካኤል ሥዕል ይመጣል፣ በገብርኤል የገብርኤል፣ በማርያም የማርያም። ያው አንዱ ሥዕል ከስምንት ሰው ይመጣል። በየጁምዓው ደግሞ ጎረቤቷ ሰዓዳ ፋኖስና አበባ ያለበት ምርቃት ትልካለች። ሰው መልካም ምኞቱን ሰው ስልክ ላይ አራግፎ ይተኛል፤ የተራገፈበት አይተኛም። ትርንጎ ከዚያ ሁሉ አንድም አጥፍታ አታውቅም።

"ሥዕሎች፣ ሥዕሎች፣ ተነሡልኝ። ሥዕል ካልተነሣ ሚሞሪ ቦታ አይሰጥም፣ ሚሞሪ ቦታ ካልሰጠ ስልክ አይከፍትም፣ ስልክ ካልከፈተ ልጅቷ ስም የላትም።"

"አንነሣም" አሉ ሥዕሎቹ። "እግር የለንም። የሚያስነሣን ጣት ነው።"

ትርንጎ ወደ ቀኝ አውራ ጣቷ ዞረች። "ጣቴ፣ ጣቴ፣ ተጫንልኝ። ጣት ካልተጫነ ሥዕል አይነሣም፣ ሥዕል ካልተነሣ ሚሞሪ ቦታ አይሰጥም፣ ሚሞሪ ቦታ ካልሰጠ ስልክ አይከፍትም፣ ስልክ ካልከፈተ ልጅቷ ስም የላትም።"

ጣቷ ወረደ፣ ወረደና 'አጥፋ' ከሚለው ጽሑፍ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። "አልጫንም" አለ። "ገብርኤል ፊት ቆሜ አጥፋ ልበል? ነገ ብደርቅ በምን ትጎርሺያለሽ? መጀመሪያ መምሬ ይፍቀዱ።"

ያን ጊዜ ማስተዋል ደወለች። "እማዬ፣ ዳቦው እኮ ተቆረሰ። ምን ሆነሽ ነው?"

"መጣሁ በያቸው" አለች ትርንጎ፣ ወዴት እንደምትመጣ ሳታውቅ።

መምሬ ጽጌ አጥሯን ታከው ነው የሚኖሩት፤ የነፍስ አባቷም ናቸው። ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘቻቸው።

"አባ፣ ይፍቱኝ።"

"እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምነው አለከለክሽ?"

"ይፍቀዱልኝ አባ። መምሬ ካልፈቀዱ ጣት አይጫንም፣ ጣት ካልተጫነ ሥዕል አይነሣም፣ ሥዕል ካልተነሣ ሚሞሪ ቦታ አይሰጥም፣ ሚሞሪ ቦታ ካልሰጠ ስልክ አይከፍትም፣ ስልክ ካልከፈተ ልጅቷ ስም የላትም።"

መምሬ ጢማቸውን ያዙ። "ሰዓዳም ትልክልሻለች አይደል?"

"ጁምዓ አሳልፋ አታውቅም።"

"እንግዲያው አልፈቅድም። የኛን አስወጥተሽ የሷን ብታስቀሪ ቦታው አይበቃሽም። የሷን ሳትነግሪያት ብታስወጪ ደግሞ ታዝናለች። ነገ ዝናብ ቢጠፋ አብረን ነው የምንለምነው። ሂጂና ሰዓዳ ምርቃቷን ትልቀቅልሽ።"

የሰዓዳ አጥር ሦስተኛው ነው። ሰዓዳ ልብስ እያሰጣች ነበር፤ ዞራም አላየቻት።

"ሰዓዳዬ፣ እህት ዓለም፣ ልቀቂልኝ። ሰዓዳ ካልለቀቀች መምሬ አይፈቅዱም፣ መምሬ ካልፈቀዱ ጣት አይጫንም፣ ጣት ካልተጫነ ሥዕል አይነሣም፣ ሥዕል ካልተነሣ ሚሞሪ ቦታ አይሰጥም፣ ሚሞሪ ቦታ ካልሰጠ ስልክ አይከፍትም፣ ስልክ ካልከፈተ ልጅቷ ስም የላትም።"

"ዛሬ ሰዓዳዬ ሆንኩ?" አለች ሰዓዳ አንሶላ እያራገፈች። "በየጁምዓው እልክልሻለሁ። አንድ ቀን አሚን ብለሽ መልሰሽልኝ ታውቂያለሽ? ታዪዋለሽ፣ ትዘጊዋለሽ። ማየትሽን እኮ ስልኬ ይነግረኛል።"

"በአጥር እጣራ የለም እንዴ?"

"በአጥር የምትጣሪው ጨው ሲያልቅብሽ ነው። አልለቅም። መልስ ያላገኘ ምርቃት እንዴት ይጠፋል? መጀመሪያ መልሴ ይድረሰኝ።"

ትርንጎ እዚያው ቆማ 'አሚን' ብላ ጻፈች። "መልሴ፣ መልሴ፣ ሂድልኝ። መልስ ካልሄደ ሰዓዳ አትለቅም፣ ሰዓዳ ካልለቀቀች መምሬ አይፈቅዱም፣ መምሬ ካልፈቀዱ ጣት አይጫንም፣ ጣት ካልተጫነ ሥዕል አይነሣም፣ ሥዕል ካልተነሣ ሚሞሪ ቦታ አይሰጥም፣ ሚሞሪ ቦታ ካልሰጠ ስልክ አይከፍትም፣ ስልክ ካልከፈተ ልጅቷ ስም የላትም።"

"አልሄድም" አለ መልሱ። "ስልኩ ካልከፈተልኝ በየት በር ልውጣ?"

ነገሩ ከስልክ ተነሥቶ ዞሮ ስልክ ላይ ተቀመጠ። ማስተዋል ደግማ ደወለች። "እማዬ፣ እንግዳው ጫማውን እየፈለገ ነው። አማቴም ስም ሊያወጡ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ነው።"

ትርንጎ ስልኩን አየችው፣ ሰዓዳን አየቻት። ሰዓዳ በመካከላቸው ከተሰጣው አንሶላ ወዲያ ናት፤ እጅ ብትዘረጋ ትነካታለች። እንዲህ ቅርብ ለቆመች ሴት መልስ የሚሄደው ሰማይ ዞሮ ነው? ስልክ ሳይፈጠር መልስ በምን ይሄድ ነበር? በአፍ ነዋ።

አንሶላውን ገለጠችና ገባች። የሰዓዳን እርጥብ እጅ ያዘች።

"ፋኖስ ለላክሽበት ጁምዓ፣ አሚን። ጽጌረዳ ለላክሽበት፣ አሚን፤ ለአንቺም ለልጆችሽም። ወገቤን ታምሜ ለላክሽው፣ አሚን፤ እሱን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ለረመዳኑ አሚን፣ ለአረፋው አሚን። ባልመልስልሽም ጁምዓ ስልኩ ካልጮኸ 'ምን ሆና ይሆን' እያልኩ በአጥሩ አይሻለሁ።"

ሰዓዳ እንዳኮረፈች ለመቆየት ታገለች፤ ከንፈሯ ግን ከዳት። "አንዱን ረሳሽው" አለች።

"የቱን?"

"የትናንቱን።"

"ለትናንቱም አሚን። ለሚመጣው ደግሞ ከአሁኑ አሚን።"

ሰዓዳ ሳቀች። ስቃም አልቀረች፣ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ "አባ፣ ለቅቄያለሁ" ብላ ተጣራች።

መምሬም ከወዲያ፣ "ፈቅጃለሁ። ሥዕሉ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ አንቺ ጋ ያለው ጥላው ነው። ቅዱሳን በአንቺ ስልክ አልተጠለሉም፤ አትፍሪ" አሉ።

ሰዓዳ ለቀቀች፣ መምሬ ፈቀዱ፣ መምሬ ሲፈቅዱ ጣት ተጫነ፣ ጣት ሲጫን ሥዕል ተነሣ። ያ ከስምንት ሰው የመጣው አንዱ ሥዕል ስምንት ጊዜ ተነሣ። ሥዕል ሲነሣ ሚሞሪ ቦታ ሰጠ። ትርንጎ ስልኩን አጥፍታ አበራችው፤ ጥሩ እንቅልፍ እንደተኛ ሰው ቀለል ብሎት ተነሣ። ሚሞሪ ቦታ ሲሰጥ ስልክ ከፈተ፣ ስልክ ሲከፍት ድሬዳዋ መጣች፤ ጥርት ያለች፣ ላብ በላብ የሆነች፣ እንግዳዋም ሳይበተን።

ወይዘሮ ዓለምነሽ ሕፃኗን ታቅፋ ቆማለች፤ አፏ "ሶ" ብሎ ጀምሯል።

"ቆይ እስቲ እቴ፣ ፊቷን ወደኔ አዙሪልኝ" አለች ትርንጎ።

ያን ሁሉ ሰው ፊት እምቢ ማለት አይቻልም። ዓለምነሽ አዞረቻት። ትርንጎ አየቻት፤ ግንባሯን፣ የተቆጣ የሚመስለውን ቅንድቧን። የእናቷ ቅንድብ ነው።

"ስፍራሽ" አለች።

ሕፃኗ አዛጋች። ቤቱ በሙሉ እልል አለ። በደሴ በኩል ሰዓዳ እልልታውን ተቀበለች፣ መምሬም ከአጥሩ ወዲያ አሜን አሉ። ወይዘሮ ዓለምነሽም በመጨረሻ ሕፃኗን ቁልቁል እያየች፣ "ስፍራሽ" አለቻት። ስልኩም አንዴ እንኳ አልቆመም።

ሰኞ ትርንጎ በፍሬሰንበት ሱቅ ደጅ ስታልፍ በስልኩ እያወራች ነበር። "እማማ፣ አዲስ ገዙ?" አላት።

"ያው ነው።"

"ምን አደረጉት?"

"ለጎረቤቴ መለስኩ" ብላው ወሬዋን ቀጠለች።

ከዚያ ወዲህ ለሚላክላት ሁሉ በዕለቱ ትመልሳለች። የመጣ ሥዕል ሁሉ በራሱ እንዳይቀመጥ አድርጋ ዘግታለች። ቅዳሜ ጠዋት ሥዕሎቹን ታስነሣለች፣ ስልኩንም አጥፍታ ታበራዋለች። ጠርዙ ተላጠ፣ መስታወቱ ተሰነጠቀ፤ እሱ ግን ይሠራል። ስፍራሽ አፏን ፈትታ "አያዬ" ብላ የጠራቻትም በዚያው ስልክ ነው። ሚሞሪው ቦታ ሰጠ፣ ስልኩም ወዲያው ከፈተ።

ተረቴ እዚህ ላይ ቆመ፤ የሰማ ስልኩን ያጽዳ፣ መልስ ያለበት ለጎረቤቱ ይመልስ።