እሾህ የለበሰችው በግ

አንድ ጊዜ፣ ጉም ከጫፉ በማይለይ ተራራ ላይ የሚኖሩ እንስሳት ክረምት በገባ ቁጥር ጠባቸውን ያቆሙ ነበር። ብርዱ የሁሉም ጠላት ስለነበረ ጅብ እንኳ ጥርሱን ሰብስቦ ከበግ ጎን ይተኛል። በረዶ ሲጥል አንድ ዋሻ ውስጥ ይገባሉ። ትንንሾቹን መሃል አድርገው ይጠጋጋሉ፤ እስኪያባራም አንዱ በሌላው ትንፋሽ ይሞቃል። ጀርባው ያሳከከውን ጎረቤቱ ያክለታል፤ ለምለም ሣር ያገኘ ሌላውን ይጠራል። «ምን ትሰጠኛለህ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ይህን ጥያቄ ያመጣችው እመት ቀበሮ ናት። አንድ ቀን ጃርት የሚመላለስበት መንገድ ላይ የወዳደቁ እሾሆች አገኘች። ጥቁርና ነጭ ሆነው ያብረቀርቃሉ። ለቅማ ጭራዋ ላይ ሰካካቻቸውና እየተንጎራደደች መጣች።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ አያ ጅቦ።

«ክብር ነው» አለች ቀበሮ። «ጀርባዬን እከክልኝና አንድ እሰጥሃለሁ።»

ጅብ አከከላት። የተቀበለውን እሾህ ትከሻው ላይ ሲሰካው «ዋይ!» ብሎ ጮኸ፤ ግን አልነቀለውም። በማግስቱ ግልገል ያላት አንዲት በግ መጥታ እንደ ልማዷ «አያ ጅቦ፣ እስቲ ጀርባዬን» ብትለው ከላይ እስከ ታች አያት።

«እሾህ አለሽ?»

«ትናንት እኔ አክኬልህ የለም እንዴ?»

«ትናንት ሞኝ ነበርኩ» አለ ጅብ።

እንዲህ ተጀመረ። ወሬው ጃርት ዘንድ ሲደርስ ጃርት በጣም ገረመው። «እኔስ ይህን የተሸከምኩት ጠላት ስላለብኝ ነው፤ እናንተ ምን ሆናችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ጆሮ የሰጠው ግን አልነበረም፤ ሁሉም ከኋላው የሚወድቀውን እየጠበቀ ነበር።

ውሎ ሲያድር በጊቱ ከሁሉም በለጠች። ጸጉሯ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ አንዴ የተሰካባት እሾህ አይወድቅም። ጎረቤቷ አህዪቱ ግን ጸጉሯ አጭር ነው። ለዚህ ስታክ፣ ለዚያ ስትሸከም ውላ ያገኘችው እሾህ ጥቂት እንደተራመደች ከጀርባዋ ይረግፋል። በጊቱ ከኋላዋ እየጋጠች ስትመጣ የረገፈው እሾህ ጋደም ስትል እሷ ጸጉር ውስጥ ይሰካል። በጊቱ ይህን ታውቃለች። አህዪቱም ማወቋን ታውቃለች።

ቅናት አህዪቱን ውስጥ ውስጧን በላት። ወደ ምንጭ ሲወርዱ ለበጊቱ መንገድ ይለቀቅላታል፤ እሷ ግን ከሁሉም ኋላ ጠጥታ ጭቃ ውሃ ይደርሳታል። «ምን አላት? ጸጉር ብቻ!» እያለች ታጉረመርማለች። በጊቱ «እንዴት አደርሽ?» ስትላት አንገቷን አዙራ «ደህና» ትላለች።

ነሐሴ ገባ። አንድ ቀን ሰማዩ ሲጠቁር እመት ቀበሮ ቀድማ ሄዳ የዋሻውን አፍ ይዛ ተቀመጠች።

«ከእንግዲህ ያለ እሾህ መግባት የለም» አለች።

አህዪቱ አንድም አልነበራትም። ውርንጭላዋን አስከትላ ወደ በጊቱ ሄደች።

«እቴ፣ አንድ ብቻ ስጪኝ። ለራሴ አይደለም፤ ለዚህ ልጅ ነው።»

«ብሰጥሽ ደስ ይለኝ ነበር» አለች በጊቱ። «ግን የማስቀምጠው ለግልገሌ ነው። የነገውን ማን ያውቃል?»

«ስንቱ ከኔ ጀርባ የወደቀ ነው?»

በጊቱ መሬት መሬት እያየች «እሾህ ስም የለውም» አለች ቀስ ብላ።

«እንግዲያው ይሙቅሽ!» አለችና አህዪቱ ውርንጭላዋን ይዛ ተመለሰች።

በረዶው ወረደ። ዋሻው ውስጥ ያሉት ሁሉ እሾህ ለብሰው ስለነበር አንዱ ሲጠጋ ሌላው «ዋይ!» ይላል። ስለዚህ ሁሉም በየጥጉ ለብቻው ተንቀጠቀጠ። ጅብማ ሰውነቱ ሁሉ እሾህ ሆኖ መሃል ላይ ቆሟል።

«አያ ጅቦ፣ ቁጭ በል እንጂ! ብርሃኑን ጋረድከው» አለችው ቀበሮ።

«ቁጭ ማለት የድሃ ነው» አለ ጅብ፣ እሾሁ እንዳይወጋው ተጠንቅቆ እንደቆመ።

ግልገሉ ብርድ ሲጠናበት ወደ እናቱ ጠጋ አለ። እሾህ አፍንጫውን ወጋው። ወደኋላ ሸሸና ድንጋይ ተደግፎ ቆመ። በጊቱ ቀና ስትል ከዋሻው ፊት ለፊት፣ ጎበጥ ያለ ቋጥኝ ሥር አህዪቱን አየቻት። በረዶ ጀርባዋን ይደበድባታል፤ ውርንጭላው ግን ከሆዷ ሥር ገብቶ ጭራውን እየወዘወዘ ይጠባል።

በጊቱ ግልገሏን ከፊት አስቀድማ ወጣች።

«ምን ፈለግሽ? እሾህሽን ልታሳዪኝ ነው?» አለች አህዪቱ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ። ከሰኔ ጀምሮ አፍሬ ይዤው ኖሬያለሁ። እኔ ባንቺ እቀናለሁ።»

አህዪቱ ሳቀች። «ምን አለኝና?»

«ልጅሽ ይተኛብሻል» አለች በጊቱ። «በየማለዳው ቁጥቋጦ ተከልዬ አያችኋለሁ። አገጩን አንገትሽ ላይ ጣል ያደርጋል። የኔው ከሩቅ ቆሞ ነው የሚያየኝ። እሾሁን የነፈግኩሽም ለሱ አስቤ ብቻ አይደለም። በዚህች እንኳ ልብለጥሽ ብዬ ነው።»

አህዪቱ መጀመሪያ ደስ አላት። «እሰይ! ይበላት!» አለች በልቧ። ወዲያው ዓይኗ ግልገሉ ላይ አረፈ። ጆሮው በረዶ ይዞታል፤ የፊት እግሮቹ ታጠፉ።

«ግባ» አለችውና ሆዷን ከፍ አደረገችለት። ግልገሉ እየተሳበ ከውርንጭላው ጎን ተወሸቀ።

በጊቱ የምታደርገው ጠፋት። «እንግዲህ አንድ እሾህ ልስጥሽ...» አለች።

«ተይው ባክሽ! ይልቅ ወዲህ ዙሪ።»

አህዪቱ በጥርሷ እየያዘች እሾሁን ከነጸጉሩ ትነቅል ጀመር። ከንፈሯ ደማ።

«ይቺን ተይልኝ» አለች በጊቱ። «ይቺ ታምራለች።»

«ዝም በይ!»

«ደግሞ ምንጭ ስወርድ ማን መንገድ ይለቅልኛል?»

«እኔ እለቅልሻለሁ። አሁን አትንቀሳቀሺ!»

እመት ቀበሮ የሚወድቀውን ልትለቅም በበረዶው ውስጥ እየሮጠች መጣች። ጅብም ከዋሻው «ለኔም አስቀሪልኝ!» እያለ ይጮኻል። ሁለቱ እናቶች ዞረው አላዩዋቸውም።

የመጨረሻው እሾህ ሲነቀል በጊቱ ተንበረከከች።

«ና፣ ልጄ።»

ግልገሉ አንገቱን አስግጎ አሸተታት። አያትና ተመልሶ ከአህዪቱ ሆድ ሥር ገባ። በጊቱ አልተቆጣችውም፤ ደግማም አልጠራችውም። በረዶው የሳሳ ጀርባዋን እየመታት፣ ዓይኗን ከሁለቱ ትንንሽ ራሶች ሳትነቅል፣ ልጇ እስኪያምናት ድረስ እየቀናች ጠበቀች።

ከዚህ የምንማረው ለልጄ ብለን የምንሰበስበው ሀብት እጃችንን ከመስጠት ከከለከለው፣ ያንኑ ልጅ ከማቀፍም እንደሚከለክለው ነው።